ሪሲቨሩ ድምፅ እያለው ምስል ሲያጣ፦ ከቢጫው ጃክ እስከ ኢንኮደር ቺፑ

የጅማን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሌሊቱን ነጎድጓድ ሲያስገመግም ካደረ፣ ጠዋት ሱቅ ስከፍት ሪሲቨር በፌስታል የያዘ ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። የሚለኝም ያው ነው። «ድምፅ አለው፣ ምስል የለውም። አይሲው ሄዷል መሰለኝ።» አንዳንዱ እንዲያውም ሌላ ቦታ አሳይቶ፣ ቺፑ ይቀየር ተብሎ፣ ዋጋ ሁሉ ተቆርጦለት ነው የሚመጣው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? እዚህ ግን የሚጀመረው ከጫፉ ነው። ከቲቪው ተነሱና ወደ ኋላ እየፈተሻችሁ ኑ። አብዛኛውን ጊዜ ቺፑ ጋ ሳትደርሱ በሽታውን ታገኙታላችሁ። የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሠራቸዋል። ከመሃል ጀምሮ ግን ቴስተርና ካቻቪቴ የለመደ እጅ ያስፈልጋል።

የቱን ቺፕ ነው የምናወራው?

«ኢንኮደር» ሲባል ብዙ ሰው ቪዲዮ የሚያምቀውን ያስባል። እሱ ሌላ ነው። ከሳተላይት የሚወርደው ቪዲዮ በኤምፔግ 2 ወይም በኤች 264 ታምቆ ይመጣል፣ ሪሲቨሩ ውስጥ ያለው ዲኮደር ይፈታዋል። የተፈታው ነገር ግን ገና ቁጥር ነው። አሮጌው ወፍራም ቲቪ ቁጥር አያነብም፤ እሱ የሚገባው ከፍ ዝቅ የሚል ቮልቴጅ ብቻ ነው። ያንን ቁጥር ተቀብሎ፣ የመስመርና የፍሬም ምልክት ጨምሮበት፣ ቀለሙን ጭኖበት በቢጫው ጃክ የሚልከው ቪዲዮ ኢንኮደር ይባላል።

ድሮ ለብቻው የተቀመጠ ቺፕ ነበር። አሮጌ ዲቪዲ ወይም ሪሲቨር ከፍታችሁ ከሆነ የአናሎግ ዲቫይስስን ኤዲቪ 7171 ወይም የፊሊፕስን ኤስኤኤ 7121 አይታችሁ ይሆናል። አሁን ገበያ ላይ ያሉት ሪሲቨሮች ግን ኢንኮደሩን በዋናው ቺፕ ሆድ ውስጥ ነው የያዙት። ስለዚህ «ኢንኮደሩ ተቃጥሏል» የሚላችሁ ሰው፣ ይወቀው አይወቀው፣ «ዋናው ቺፕ ተቃጥሏል» እያላችሁ ነው። ዋናው ቺፕ ከሚቀየር ደግሞ ሌላ ሪሲቨር መግዛቱ ይሻላል። ለዚህ ነው ቸኩሎ ቺፕ ላይ መፍረድ ኪስ የሚጎዳው።

እርምጃ 1፦ ገመድ ከመንካታችሁ በፊት ሁሉንም ከሶኬት ንቀሉ

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምጨቀጭቀው እዚህ ላይ ነው።

ባዶ እግራችሁን ሲሚንቶ ላይ ቆማችሁ የዲሹን ገመድ ወይም የሪሲቨሩን ጀርባ ስትነኩ ውር የሚያደርጋችሁ ነገር አለ አይደል? እሱ ከፓወር ሰፕላዩ ሾልኮ የሚመጣ ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው። ለሰው አይጎዳም ይባላል፤ ለቺፕ ግን ይጎዳል። የቢጫውን ጃክ አሠራር ልብ በሉ። ስትሰኩት መጀመሪያ የሚገናኘው የመሃሉ ምላስ ነው፣ ዙሪያው ያለው ግራውንድ የሚነካው ቀጥሎ ነው። በዚያች ቅጽበት ያ ውር የሚለው ነገር መውጫ መንገዱ በመሃሉ ምላስ፣ ማለትም በኢንኮደሩ እግር በኩል ይሆናል። መብረቅ ገደለው የተባለ ስንቱ ሪሲቨር ባለቤቱ እጅ ላይ ነው የሞተው።

ስለዚህ ቲቪውንም ሪሲቨሩንም ከዲቫይደሩ ንቀሉ። በሪሞት ማጥፋት ማጥፋት አይደለም። የዲሹንም ገመድ ፍቱ፣ በተለይ ዲሹ ከጎረቤት ጋር የጋራ ከሆነ። ከዚያ ቢጫ፣ ነጭ፣ ቀዩን ሰኩ፤ መብራት መጨረሻ።

እርምጃ 2፦ ቲቪውንና ገመዱን ነጻ አውጡ

ሪሲቨሩ ኤችዲኤምአይ ካለው ኤችዲኤምአይ ያለው ቲቪ ፈልጉና ሰኩበት፣ የጎረቤትም ቢሆን። በኤችዲኤምአይ ምስሉ ጥርት ብሎ ከመጣ ትልቅ ዜና ነው፤ ዲሹም፣ ዲኮደሩም፣ ሶፍትዌሩም ጤነኛ ናቸው፣ ችግሩ ከኢንኮደሩ ተነስቶ በቢጫው ጃክና በገመዱ እስከ አሮጌው ቲቪ ባለችው መንገድ ላይ ብቻ ነው ማለት ነው። በኤችዲኤምአይም ከጠፋ ይህ መመሪያ ብዙ አይረዳችሁም።

ቀጥሎ ገመዱ። ሦስቱ ገመዶች በቀለም እንጂ በሥራ አይለያዩም። ድምፅ እየሰማችሁ ከሆነ ነጩ ደህና ነው፣ ስለዚህ ነጩን ከቢጫ ወደ ቢጫ አዙሩት። ምስል መጣ? አለቀ፣ ገመድ ግዙ። ገመድ የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ ጃኩ አንገት ላይ ነው፣ ከውጭ ምንም አይታይም።

ቲቪ ቦክስና ትናንሽ ሚዲያ ፕሌየር ያላችሁ ደግሞ አንድ የተለየ ጣጣ አለባችሁ። የእነሱ ኤቪ (ምስልና ድምፅ) የሚወጣው እንደ ኢርፎን ባለ አንድ ቀዳዳ ነው፣ ገመዱም ባለ አራት ቀለበት ነው። ክፋቱ፣ የትኛው ቀለበት ምስል የትኛው ግራውንድ እንደሆነ ሁሉም ፋብሪካ አልተስማማም። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቲቪ ቦክሱን ይዞ መጣ፣ ሁለት ሱቅ አሳይቷል፣ ቺፕ ተብሏል። ቀዩን ጃክ ነቅዬ ቢጫው ቀዳዳ ላይ ሰካሁት። ምስሉ ቁጭ አለ። ልጁ ሳቀ፣ ከዚያ ደግሞ ተናደደ። ገመዱ የሌላ ዕቃ ገመድ ነበር። ሦስቱንም ጃክ ተራ በተራ ቢጫው ላይ ሞክሩ፣ ካልሆነ ገመዱን ቀይሩ።

እርምጃ 3፦ ፓል ነው ኤንቲኤስሲ?

ፓልና ኤንቲኤስሲ ሁለት የቲቪ ምስል ደረጃዎች ናቸው። እኛ አገር ፓል ነው፤ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ፍሬም። ኤንቲኤስሲ 525 መስመርና ወደ 30 የሚጠጋ ፍሬም ነው። ቀለም የሚጫንበት ፍሪኩዌንሲም ይለያያል፣ የፓል 4.43 ሜጋ ኸርዝ ገደማ፣ የኤንቲኤስሲ 3.58 ነው። ኢንኮደሩ ሁለቱንም ይችላል። ምን እንዲያወጣ የሚነግረው ሜኑው ነው፣ እና ሕፃን ልጅ ሪሞት ይዞ ሲጫወት ሜኑው ይቀየራል።

ምልክቱን እዩ። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ወይም ወደ ላይ እየተንከባለለ አልቆም ካለ፣ ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት ሜኑ ውስጥ ግቡና ፓል አድርጉት። ኤችዲ ሪሲቨር ላይ ደግሞ ሬዞሉሽኑ 60 ኸርዝ ላይ ከሆነ ቢጫው ጃክ በብዙዎቹ ራሱን ወደ ኤንቲኤስሲ ያዞራል። 50 ኸርዝ ወይም 576 ላይ መልሱት። ሜኑው ራሱ የማይታይ ከሆነ ሪሞቱ ላይ የቪዲዮ ፎርማት መቀየሪያ ቁልፍ ፈልጉና እየቆያችሁ አንድ አንድ ጊዜ ተጫኑ፤ ደጋግማችሁ ስትቀጠቅጡት ትክክለኛውን አልፋችሁት ትሄዳላችሁ። ሌላው አማራጭ በኤችዲኤምአይ አይቶ ማስተካከል ነው።

እርምጃ 4፦ ምስሉ አለ ግን ደብዝዟል፣ ወይም ነጩ ፈንድቷል

መርካቶ ሰፈር ሻይ ቤት ያላቸው አንድ ጋሼ አሉ፣ ቅዳሜና እሑድ ኳስ ያሳያሉ። ሁለተኛ ቲቪ ጨመሩና በቲ ጃክ ከአንዱ ሪሲቨር ቀጠሉት። ከዚያ ጠሩኝ። «አንተ ልጅ፣ ሁለቱም ቲቪ አረጁብኝ» አሉ። ኳሱ ማታ የሚጫወት ይመስላል፣ ሜዳው አረንጓዴ ሳይሆን ጭቃ ነው።

ቲቪዎቹ አላረጁም። ኢንኮደሩ የሚያወጣው ምልክት አንድ ቲቪ ሲያገኝ 1 ቮልት እንዲሆን ተሰልቶ ነው፤ 0.3 ለመስመር ምልክቱ፣ 0.7 ለምስሉ። ይህ የሚሠራው በሪሲቨሩ በኩል ባለ 75 ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ የሚገድብ ዕቃ)፣ በቲቪው በኩል ሌላ ባለ 75 ኦም ሲኖር ነው። ሁለት ቲቪ በቲ ጃክ ሲቀጠል በቲቪው በኩል ያለው ወደ 37.5 ይወርዳል፣ 1 ቮልቱም 0.67 ይሆናል። ሲሶው ጠፋ ማለት ነው። ቲ ጃኩን አውጥተን ባለ ማጉያ ማከፋፈያ ስናደርግ ሜዳው አረንጓዴ ሆነ። ሻዩን በነጻ ጠጣሁ።

ተቃራኒውም አለ። ምስሉ ከመጠን በላይ ነጥቶ፣ የሰው ፊት ኖራ የተቀባ መስሎ፣ አንዳንዴም ከላይ በኩል ታጥፎ ከታየ፣ ከሁለቱ 75 ኦሞች አንዱ ጠፍቷል። ወይ ቲቪው ውስጥ ነው ወይ ሪሲቨሩ ውስጥ። ሌላ ቲቪ ላይ ሰክታችሁ ለዩት።

በምስሉ ላይ ወፍራም አግድም ጥላ ቀስ እያለ የሚወጣ ከሆነ ኢንኮደሩን ተዉት። የፓወር ሰፕላዩ ካፓሲተር አብጧል፣ ጭንቅላቱን አይታችሁ ቀይሩት።

እርምጃ 5፦ አሁን ክዳኑን ክፈቱ

ከሶኬት ነቅላችሁ ትንሽ ቆዩ። ከ220 ቮልት የሚሠራ ፓወር ሰፕላይ ትልቁ ካፓሲተሩ ላይ 310 ቮልት ገደማ ያቆራል፣ ከተነቀለም በኋላ ቶሎ አይለቅም። በቴስተር ለኩና ባዶ መሆኑን እርግጠኛ ሁኑ። እኔ አንዴ ረስቼ ከበርጩማዬ ላይ ወድቄያለሁ፣ ካቻቪቴው እስካሁን ጫፉ ተበልቷል።

ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉ። ገመዱ ሁሉ ተነቅሎ፣ አንዱን ጫፍ የቢጫው ጃክ መሃል፣ ሌላውን ግራውንድ ላይ። አብዛኛው ሪሲቨር ላይ ወደ 75 ኦም ማንበብ አለበት። እዚህ ላይ ሦስት ዕጣ ይወጣል።

75 ካነበበ መንገዱ ደህና ነው፤ ምስል ኖሮ ቀለም ብቻ ከሌለ ወደ እርምጃ 6፣ ምስሉ ጭራሽ ከሌለ ወደ እርምጃ 7 እለፉ። ምንም ካላነበበ፣ ወይ የጃኩ እግር ቦርዱ ላይ ተሰንጥቋል፣ ወይ መንገድ ላይ ያለችው ትንሽ ኮይል ተበጥሳለች፣ ወይ 75 ኦሟ ሬዚስተር ተቃጥላለች። በመጀመሪያ የጃኩን እግሮች ሊድ ጨምራችሁ እንደገና በይዷቸው፤ ገመድ በኃይል ስለሚሰካና ስለሚነቀል እዚያ ነው የሚሰነጠቀው። አንዳንድ ቦርድ ግን ከጃኩ በፊት ማጉያ ወይም ካፓሲተር አለው፣ በእነሱ ላይ ብዙ ኦም ማንበቡ ጤንነት ነው፤ ስለዚህ ከጃኩ ተነስታችሁ የቦርዱን መስመር በዓይን ተከተሉና ምን እንዳለ እዩ።

ሦስተኛው የክረምት በሽታ ነው። ቴስተሩ ዜሮ ወይም ሁለት ሦስት ኦም ያነባል። ከጃኩ ጎን፣ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል፣ እንደ ጅማ በርጩማ ባለ ሦስት እግር ጥቁር ነገር ፈልጉ። ላይዋ ላይ ብዙ ጊዜ «ኤ7» የሚል ተጽፏል። ባቪ 99 የምትባል ድርብ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ዕቃ) ናት። መሃለኛው እግሯ የምስሉ መስመር ላይ ነው፣ ሁለቱ ደግሞ አንዱ ግራውንድ አንዱ 3.3 ቮልት ላይ። ሥራዋ በገመዱ የሚመጣውን ድንገተኛ ቮልቴጅ ወደ ጎን ማፍሰስ ነው። ከባድ ነገር ሲመጣባት ሾርት ሆና ትቀራለች፣ ምስሉንም ይዛው ትሄዳለች። ራሷን ሰጥታ ቺፑን ያተረፈች ናት፣ ሰው ግን በእሷ ፈንታ ቺፑን ይከሳል።

ቦርዱ ላይ እያለች በዳዮድ ሞድ ለመለካት አትድከሙ፣ 75 ኦሟ ሬዚስተር ጎን ለጎን ስላለች ቴስተሩ ሁሌም የተበላሸች አስመስሎ ያሳያችኋል። ሆት ኤር ካላችሁ በሆት ኤር፣ ከሌላችሁም ሦስቱን እግር በሊድ አጥለቅልቃችሁ በብየዳ ካውያ አንሷት። አሁን ጃኩን እንደገና ለኩ። 75 ከመጣ ጥፋተኛዋ እሷ ነበረች። ሪሲቨሩ ያለ እሷም ምስል ይሰጣል፣ ግን እንደዚያ አድርጋችሁ አትመልሱት። ከሞተ ቦርድ ላይ ሌላ ኤ7 አውጥታችሁ ተኩ፣ በብዙ ወላቃ ዲቪዲ ውስጥ ትገኛለች። ያለ እሷ የሄደ ሪሲቨር በሚቀጥለው ነጎድጓድ ተመልሶ ይመጣል፣ ያኔ በእውነትም ቺፑ ሞቶ።

እርምጃ 6፦ ምስሉ ጥርት ብሎ ቆሟል፣ ፓልም ነው፣ ቀለም ግን የለም

ይህች የምወዳት በሽታ ናት፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው አያውቃትም።

ኢንኮደሩ የሚሠራው በ27 ሜጋ ኸርዝ ሰዓት ነው፤ ክሪስታል ከምትባል ብርማ ቆርቆሮ የሚነሳ፣ በሰከንድ 27 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ ምት ማለት ነው። ፓል በሰከንድ 15,625 መስመር አለው፣ እያንዳንዱ መስመር 1,728 የሰዓት ምት ይወስዳል፤ ብታባዙት 27 ሚሊዮን በትክክል ይመጣል። የቀለሙንም 4.43 ሜጋ ኸርዝ ኢንኮደሩ የሚያወጣው ከዚሁ ሰዓት ቆጥሮ ነው። ስለዚህ ክሪስታሉ ትንሽ ከሳተ ቀለሙም አብሮ ይስታል። የኤምፔግ 2 ሕግ ለ27 ሚሊዮኑ የሚፈቅደው መዛነፍ 810 ኸርዝ ብቻ ነው። ክሪስታሉ ከአሥር ሺህ አንድ ቢስት ቀለሙ ወደ 443 ኸርዝ ይስታል፣ ይህን ያህል የሳተ ቀለም ደግሞ አንዳንዱ ቲቪ መያዝ ያቅተዋል። መስመሩንና ፍሬሙን ግን ቲቪው ይይዛቸዋል፣ ለዚህች ያህል መዛነፍ ግድ የለውም። ውጤቱ ቆንጆ ጥቁርና ነጭ ምስል።

መለያው ይህ ነው፦ አንዱ ቲቪ ላይ ቀለም አለ፣ ሌላው ላይ የለም። ወይም ጠዋት ቀለም የለም፣ ሪሲቨሩ ሲሞቅ ይመጣል። ከፀጉር ማድረቂያ ትንሽ ሙቀት ክሪስታሉ ላይ ስታደርጉ ቀለሙ ብልጭ ካለ ደረሳችሁበት። ብርማዋን ቆርቆሮ ላይዋ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር በትክክል በሚመሳሰል ቀይሩ፤ 27 ከሆነ 27፣ ሌላ ቁጥር ከሆነ ያንኑ። አጠገቧ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ካፓሲተሮች አትርሱ፣ ስንጥቅ ያለባቸው እነሱ ሆነው ክሪስታሉ በከንቱ የሚጣልበት ጊዜ አለ።

እርምጃ 7፦ ቺፑ ጋ ደረስን

ኢንኮደሩ ለብቻው ያለበት አሮጌ ቦርድ ከሆነ ከመንቀላችሁ በፊት ቺፑ የሚበላውን አግኝቶ እንደሆነ ጠይቁት። አንደኛ 3.3 ቮልት (አንዳንዱ 5)፤ ብዙ ጊዜ የአናሎጉ ክፍል ቮልቴጅ በአንዲት ትንሽ ቢድ (ረብሻ የምታጣራ ቅንጣት) በኩል ነው የሚመጣው፣ ቢዷ ስትበጠስ ቺፑ ግማሽ አካሉ ይሞታል። ሁለተኛ የ27 ሜጋ ኸርዙ ሰዓት። ሦስተኛ ከዋናው ቺፕ የሚመጡት ሁለት የአይ ስኩዌርድ ሲ መስመሮች (ቺፖቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸው)፤ ሥራ ሲፈቱ 3.3 ቮልት ገደማ ላይ መቀመጥ አለባቸው፣ አንዱ ዜሮ ላይ ከተጣበቀ ኢንኮደሩ ፓል ሁን የሚለው ሰው አጥቶ ነው። አራተኛ የማመሳከሪያ ቮልቴጁ፤ ኤዲቪ 7171 ላይ 1.235 ቮልት ነው። እነዚህ ሁሉ ኖረው ምስል ከሌለ፣ አሁን ቺፑን መክሰስ ትችላላችሁ።

ኢንኮደሩ ዋናው ቺፕ ውስጥ ከሆነ ምርመራው አጭር ነው። ሪሲቨሩን አብሩና ቴስተሩን ዲሲ ቮልት አድርጋችሁ ከቺፑ የሚወጣውን የምስል መስመር ለኩ። ጤነኛው ከ1 ቮልት በታች የሆነ፣ ምስሉ ሲጨልም ዝቅ፣ ነጭ ሲበዛ ከፍ የሚል ንባብ ይሰጣል። ቻናል ስትቀያይሩ ዝንፍ የማይል ዜሮ ከሆነ፣ ወይም 3.3 ላይ ከተጣበቀ፣ ውስጡ ያለው ኢንኮደር ሄዷል።

እንደዚያ ከሆነ ቺፕ አትግዙ። ኤችዲኤምአዩ የሚሠራ ከሆነ ኤችዲኤምአይን ወደ ኤቪ የምትቀይር የእጅ መዳፍ የማታህል ሳጥን አለች፣ ውስጧ ያለው ሌላ ኢንኮደር ቺፕ ነው። በዩኤስቢ 5 ቮልት ትበላለች፣ ከአሮጌ የሞባይል ቻርጀር ይበቃታል። አቅጣጫዋን አይታችሁ ግዙ፣ ኤቪን ወደ ኤችዲኤምአይ የምትቀይረው መንትያዋ በመልክ አንድ ናት፣ ሻጩም አንዳንዴ አይለያቸውም፤ የእናንተ መግቢያዋ ኤችዲኤምአይ፣ መውጫዋ ሦስቱ ቀለማት ነው። ጎኗ ላይ ፓልና ኤንቲኤስሲ የምትመርጥ ጥፍር የምታህል ማብሪያ አለች። እኔ ጋ የመጡት ሁሉ ኤንቲኤስሲ ላይ ሆነው ነው የመጡት፣ ስለዚህ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሲመጣ ሳጥኗን ለባለ ሱቁ ከመመለሳችሁ በፊት ማብሪያዋን ወደ ፓል ግፏት።